ሜዳውን ያጠጣው ሰው

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁላችንም ቡሎን እንለዋለን። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ነው። ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ አንዴ ከጠበቀ በዘይትም በመዶሻም አይፈታም። ሥራው ቧንቧ ነው። በሰፈራችን ግድግዳው የረጠበበት፣ ማጠቢያው የተደፈነበት፣ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ እንቅልፍ የነሳው ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። ይመጣል፣ ቦርሳውን ቁጭ ያደርጋል፣ "ማነው ከእኔ በፊት የነካካው?" ብሎ ይቆጣል፣ ከዚያ ይሠራል። የነካካው ባለቤቱ ራሱ ቢሆንም እንኳ "እኔ እንጃ" ማለት ግድ ነው።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት ስለሆነ የክለባችንን ሐዘንና ደስታ ከመቀሴ ድምፅ ጋር ስሰማ ነው የኖርኩት። በጨዋታ ቀን ሱቄን ዘግቼ እገባለሁ፤ የምቀመጠውም ከቡሎን አጠገብ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ እሱው ነግሮኛል።

ክለባችን የጡብ ፋብሪካ ክለብ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ የቀረው የጭስ ማውጫው ነው፤ ክለቡ ግን እንደምንም አለ። የቡሎን አባት ዕድሜያቸውን ከጡብ ምድጃ ፊት የጨረሱ ሰው ነበሩ። በእረፍት ቀናቸው ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው ሜዳ ይወስዱት ነበር። ያኔ እናሸንፍ ነበር። ይህን ስንናገር የዛሬ ልጆች ይስቁብናል፤ ግን እውነት ነው፣ እናሸንፍ ነበር።

የቡሎን ሚስት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ስትቀልድም ፊቷ አይለወጥም። ክለቡን "ጣውንቴ" ነው የምትለው። ተሸንፈን ስንመለስ በር ላይ ቆማ "ጣውንቴ ዛሬም አስለቀሰችህ?" ትለዋለች። እሱም "ተይኝ እባክሽ" ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ልጅ አልወለዱም። ግቢያቸው ውስጥ ከኋላ በኩል አንዲት ክፍል አለች፤ እሷን አከራይተው ነው የሚኖሩት፤ ከተከራዮቹ ሁሉ የመጨረሻው የክለባችን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር።

ይህን ልጅ ነፋሱ እንለው ነበር። ከሩቅ ከተማ ነው የመጣው፤ እናትና አባቱ ሞተው ታላቅ እህቱ ናት ያሳደገችው። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ሰላም ስትለው መሬት መሬት የሚያይ ዓይነት። ሜዳ ላይ ግን ኳሷን ገፋ አድርጎ ሲነሳ ተከላካዮች እንደ ተተከለ እንጨት ይቀሩ ነበር። እነ ቡሎን ቤት ሲገባ ለአንድ ወቅት ነበር፤ ከዚያ ግን ማዕዱም ከእነሱ ጋር ሆነ፣ ልብሱንም ከእነሱ ልብስ ጋር ማስጣት ጀመረ። ቡሎንን "ጋሼ"፣ ሚስቱን "እትዬ" ይላል። ቡሎን "አንተ በለኝ እንጂ፣ አስረጀኸኝ እኮ" ቢለው "እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉ" ብሎ ይመልሳል። ሚስትየው በዚህ በጣም ትስቅ ነበር።

ያ ዓመት ክፉ ዓመት ሆነብን። ከጅምሩ ተሸነፍን፤ ከዚያ አቻ ወጣን፤ ከዚያ እንደገና ተሸነፍን፤ እንዲህ እያልን ደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከሥራችን ማንም የሌለበት ቦታ ደረስን። ሱቄ ውስጥ ፀጉር የሚቆረጠው ሰው ከሚጮኸው ያንስ ነበር። አንዱ "አሰልጣኙ ነው" ይላል፤ ሌላው "በረኛው እጁ ላይ ቅቤ ቀብቷል" ይላል፤ ታክሲ ነጂው "ማልያው ነው! ቡናማ ማልያ ለብሶ ያሸነፈ ማነው?" ይላል። አንድ ቀን ግማሽ ጢሙን የላጨሁለት ሰው በክርክር ተናዶ እንዲያው በግማሽ ጢሙ ወጥቶ ሄዷል።

በገዛ ሜዳችን አራት ለባዶ የተሸነፍን ቀን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ደጋፊው የተጫዋቾቹን አውቶቡስ ከበበው። ጎኑን በመዳፍ የሚደበድብ አለ፤ ማልያውን አውልቆ መስኮት ላይ የሚወረውር አለ። በመስታወቱ ውስጥ ነፋሱ ታየኝ፤ ግንባሩን ከፊቱ ካለው ወንበር ላይ አስደግፎ ነበር። ቡሎንም አይቶት ኖሮ ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ ሄደና አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣ።

"ስሙኝ! ጩኸት ጎል የሚያገባ ቢሆን ዋንጫው ቤታችን በተቀመጠ ነበር!" አለ።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ያን ጊዜ ሳቅ ትልቅ ነገር ነበር።

"ምን እናድርግ ታዲያ? እንጨብጭብላቸው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"እንሥራ! እጅ የለንም እንዴ? የሚያንጽ አለን፣ የሚጭን አለን፣ የሚጋግር አለን። ምን እንደጎደላቸው ጠይቀን እሱን እንሥራ። ከዚያ በኋላ ቢሸነፉ እኔ ራሴ ነኝ አብሬያችሁ የምሳደበው።"

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን። አሰልጣኙን ጠርተነው መጣ። ደከም ያለ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው፤ እንሰድበዋለን ብሎ ፈርቶ ኖሮ በሩ አጠገብ ቆመ። እኔ መቁረጫ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት።

ቡሎን "አሰልጣኝ፣ የጠራንዎት ልንከስዎት አይደለም። ምን ቢኖርዎት ቡድኑ ይድናል?" አለው።

ሰውዬው "ሜዳ" አለ። "እኔ ያሉኝ ልጆች ኳስ በመሬት የሚጫወቱ ናቸው። ሜዳችን ግን እንደ አስፋልት ደርቋል፤ ኳሷ ትዘላለች። ነፋሱ ፍጥነቱን ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ብወድቅ ቆዳዬ ይላጣል ብሎ ይፈራል። ሜዳ ስጡኝ።"

ታክሲ ነጂው "ማልያውስ?" አለ፤ ሁሉም "ዝም በል!" አሉት።

ሊጉ በአጋማሽ ዓመት ሲያርፍ ሥራው ተጀመረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጊዜ አላየሁም። ባለ ገልባጭ መኪናው ለም አፈር አመጣ። ዳቦ ጋጋሪው ከእቶኑ ትኩስ ትኩሱን እያወጣ ለሠራተኛው ያድላል። አስተማሪው፣ ሻጯ፣ ጡረተኛው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሁሉም አካፋ ይዞ ወጣ። እኔ እንኳ ከመቀስ የከበደ ነገር አንስቼ የማላውቀው ሰው መዳፌ ውሃ እስኪቋጥር ቆፈርኩ። ሣሩን ከወንዝ ዳር እየነቀልን አምጥተን በእጃችን ተከልነው።

ውሃው የቡሎን ድርሻ ነበር። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ አሮጌ ጉድጓድ ነበር፤ ከእሱ ቧንቧ ስቦ፣ በሜዳው ዙሪያ ቀብሮ፣ ውሃ መርጫዎቹን ተከለ። ደንበኞቹን ሁሉ ቀጠሮ እየሰጠ መለሳቸው። ሚስቱ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ብቅ ብላ "የሰው ሜዳ እያጠጣ ነው አሉኝ። የእኔ ማድቤት ግን ወለሉ ኩሬ ሆኗል፤ ዳክዬ ላርባበት ወይ በልልኝ" ብላኝ ሄደች። ነገርኩት። ሳቀ እንጂ አልሄደም።

መጀመሪያ ውሃው የተለቀቀ ዕለት አመሻሽ ላይ ሁላችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን እናይ ነበር። ቧንቧዎቹ አንዴ አሳሉ፣ አየር ተፉ፣ ከዚያ ውሃው ፍስስ ብሎ ወጣ። ቡሎን ተነስቶ ጀርባውን ሰጠን። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ "ብርድ ነው?" አልኩት። "ዝም በል አንተ" አለኝ።

ሜዳውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከደረጃው ሥር ባለች ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። እኚህ ሰው ሥራችንን አልተቃወሙም፤ ግን ጠዋት ጠዋት በባዶ እግራቸው ሜዳውን ሲዞሩ አያለሁ። አንድ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው "የጠጣውንና ያልጠጣውን እያየሁ" አሉኝ።

ሣሩ ያዘ። ሊጉ ሲመለስ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን። ሁለተኛውን አቻ ወጣን፤ ቀጥሎ አሸነፍን። ነፋሱን ያን ጊዜ ማየት ነበር! ኳሷ እግሩ ላይ ተለጥፋ በግራ በኩል ሲነሳ፣ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አብሮት ይነሳል። ሲያገባ ወደኛ ይሮጣል፤ ቡሎን ደግሞ ወደ ነፋሱ ሳይሆን ወደ ሣሩ እያመለከተ "አያችሁት! አያችሁት!" ይላል። ሰው ሁሉ ይስቅበታል፤ ደስ ብሎን ነበር። ከትልቁ ከተማ አንድ ክለብ ነፋሱን ሊወስደው ሰው ልኮ እንደነበር የሰማነው ያኔ ነው። ነፋሱ "ዓመቱ ይለቅ፣ ክለቡ ሳይተርፍ አልሄድም" ብሎ መለሳቸው።

እንዲህ እያልን የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፍን እንተርፋለን፤ ካላሸነፍን እንወርዳለን። የሚገጥመን ቡድን የግዙፎች ስብስብ ነው፤ ኳስ ወደ ላይ እየጠለዙ በጉልበት የሚጫወቱ ናቸው። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ቡሎን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣና ጭንቅላቱን ሳይላጭ እየተንቆራጠጠ "ሜዳው ይርጠብልን። በረጠበ ሣር ኳስ ትፈጥናለች፤ እነዚያ ዝሆኖች መዞር ያቅታቸዋል" አለ።

"ትናንት አጠጥተኸው የለ?" አልኩት።

"ይህን ፀሐይ አታየውም?"

አብሬው ሄድኩ። የውሃውን መክፈቻ ሊፈታ ሲጎነበስ ሽማግሌው ከክፍላቸው ወጡ።

"ልጄ፣ ይብቃው" አሉት። "ትናንት ጠጥቷል።"

"አባባ፣ ነገ እኮ የሞት ሽረት ነው።"

"አውቃለሁ። ሌላው ቦታ ይችለዋል። ያ የግራው ጥግ ግን" ብለው በዱላቸው የማዕዘን ባንዲራው የተተከለበትን አሳዩት፣ "ታቹ የጥንት ጭቃ ማውጫ ነው። ፋብሪካው ለጡብ አፈር ሲያወጣበት የነበረ ጉድጓድ ነው የተደፈነው። ላይ ላዩን ሣር ነው እንጂ ሥሩ ውሃ አያሳልፍም።"

ቡሎን ቀና ብሎ በአክብሮት ፈገግ አለላቸው። "አባባ፣ ውሃን ለእኔ ይተዉልኝ" አላቸው። በንቀት አልነበረም። ይህን ደጋግሜ ለሰው እናገራለሁ፤ በንቀት አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ያዘዘ ሰው ነው፤ ለዚያ ክለብ ከዚህ የበለጠ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም፤ ያለውን ሁሉ ሊሰጥ ፈለገ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ውሃው ተለቀቀ። በጨዋታው ቀን ጠዋት ቡሎን ብቻውን ሄዶ እንደገና አጠጣው። የግራው ጥግ ሲያብረቀርቅ አይቶ ነበር፤ በኋላ እንደነገረኝ "ፀሐይዋ እስክትከር ይደርቃል" አለ ለራሱ።

ስታዲየሙ ሞልቶ አጥሩ ላይ ሁሉ ሰው ነበር። የቡሎን ሚስት እንኳ ያን ቀን ከፋርማሲው ፈቃድ ጠይቃ መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች። ጨዋታው እንደተጀመረ ቡሎን ያሰበው ሆነ። ኳሷ በረጠበው ሣር ላይ እንደ ሳሙና ትንሸራተታለች፤ ግዙፎቹ ይዞራሉ፣ ይወድቃሉ። ከእረፍት በፊት ነፋሱ ሁለት ሰው አልፎ አገባ። ቡሎን ሚስቱን አቅፎ አነሳት፤ "አስቀምጠኝ፣ ሰው ያየናል" ትላለች፣ እየሳቀች።

ከእረፍት በኋላ ነው። ኳሷ በግራ በኩል ተሰነጠቀች፤ ነፋሱ ተነሳ። ተከላካዩ ወደ ኋላ ቀረ። ነፋሱ ጥጉ ጋ ደረሰና ኳሷን ወደ ውስጥ ሊልክ ግራ እግሩን ተከለ፤ እግሩ ሰምጦ ቀረ፤ ሰውነቱ ግን ዞረ። ማንም አልነካውም። የነፋሱን ጩኸት ከማንም ቀድማ የሰማችው ሚስትየው ናት፤ እጄን ጨመደደችኝ።

በቃሬዛ ሲያወጡት በኛ በኩል ነው ያለፉት። እጁን ፊቱ ላይ ጭኖ ነበር። ቡሎን ነፋሱን አላየም፤ ጥጉን ነበር የሚያየው። እዚያ ሣሩ ተገሽልጦ ቡናማ ጭቃ ታየ፤ ጭቃው ውስጥ ደግሞ የእግር ቅርጽ የያዘ ጉድጓድ፣ ውሃ የሞላ።

ልጆቹ ልባቸው ተሰበረ። አንድ ተቆጠረብን፤ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛው ገባ። ወረድን።

ሰው እየተላቀሰ ወጣ። ዳኛውን የረገመ አለ፤ ተከላካዩን "ገፍቶት ነው" ያለ አለ፤ ዕድላችንን ያማረረ አለ። ቡሎንን የወቀሰ ግን አንድ ሰው የለም። እንዲያውም እየመጡ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ "አንተ እንኳ የምትችለውን አድርገሃል፤ ያን የመሰለ ሜዳ ሠርተህ" ይሉታል። "እኔ ነኝ፤ ውሃውን አበዛሁት" ሲላቸው "ተው እንጂ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያስቀባጥርህ" ብለው አልፈውት ይሄዳሉ። ያ ነገር ከስድብ በላይ ጎዳው። ሽማግሌውም ቢሆኑ አልወቀሱትም። ሲያገኙት ልክ እንደ በፊቱ "ደህና ዋልክ ልጄ?" ብቻ ነበር የሚሉት።

የነፋሱ የጉልበት ጅማት ሁለት ቦታ ተቀደደ፤ ሐኪሞቹ ሠርተው ሰፉት። ቡሎን ከአልጋው አጠገብ አልተለየም። ቤት ሲመለስ ከኋላዋ ክፍል አውጥቶ ዋናው ቤት ውስጥ አስተኛው። መታጠቢያው ጋ የሚደገፍበት ብረት ተከለለት፤ ጠዋት ጠዋት እየደገፈ ግቢ ውስጥ ያራምደዋል። ሚስቱ መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጠዋለች። ከትልቁ ከተማ የመጡት ሰዎች አንዴ ደውለው ጤናውን ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲያ አልደወሉም።

አንድ ቀን ሚስትየው ለቡሎን "የያዝከውን አውጣው" አለችው። "እንደዚህ ዝም ብለህ ብታስታምመው እሱም ራሱን አይችልም፣ አንተም አትድንም።"

"ምን ብዬ?"

"እንደሆነው።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ነገረው። ይህን የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሲነግረኝም ወደ መስታወቱ እንጂ ወደ እኔ አላየም።

"አንድ የምነግርህ ነገር አለ" አለው። "ያን ጥግ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ጠዋት ደግሞ ውሃው ተኝቶ አየሁት፤ አይቼ ተውኩት።"

ነፋሱ አልደነገጠም። የታሰረ ጉልበቱን እያሻሸ "አውቃለሁ ጋሼ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ሰውነት ስናሟሙቅ ረግጬዋለሁ። እግሬ ሰመጠ። ይሄ ቦታ ልክ አይደለም ብዬ አስቤ ነበር።"

ቡሎን ወደ እሱ ዞረ። "ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ለአሰልጣኙ ብትነግረው አሸዋ ይደፋበት ነበር። በሌላው ክንፍ ያጫውትህ ነበር።"

ነፋሱ መሬት መሬት እያየ "እርስዎ ደረጃው ላይ ቆመው ለሰው ሁሉ እያሳዩ ነበር እኮ" አለ። "ሜዳውን። ያን ያህል ደስ ብሎዎት እንዴት ብዬ? 'ጋሼ የሠሩት ሜዳ ጭቃ ነው' ልበል? አፍሬ ነው። ተጠንቅቄ እጫወታለሁ አልኩ። ከዚያ ኳሷ ስትመጣ ረሳሁት።"

ሁለቱም ተላቀሱ ቢባል ያምር ነበር፤ ግን አልተላቀሱም። ቡሎን ተነስቶ ወደ ማድቤት ገባና ውሃ ጠጣ። ሲመለስ ነፋሱ በምርኩዙ ተደግፎ ወደ ክፍሉ እየሄደ ነበር። ቡሎን እንዲህ አለኝ፦ "ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። እኔን ብሎ፣ እኔን አክብሮ ነው እግሩን ያጣው። እኔ አንድ ሽማግሌ ቢናገሩኝ አልሰማም፤ እሱ ደግሞ ለእኔ መናገር ያፍራል። በመካከላችን አንድ ደፋር ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ ይሮጥ ነበር።"

ነፋሱ ጉልበቱ ሲጠና ለልምምድ ተመለሰ፤ አልሆነም። ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ መታጠፍ ግን አይችልም። የክንፍ ተጫዋች ደግሞ ካልታጠፈ ምን ይሆናል? ሾፌር ልሁን ብሎ ሞከረ፤ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ አለው። በመጨረሻ ወደ እህቱ ከተማ ሄዶ ስልክ ጥገና ተማረ። ሲሄድ ሚስትየው ሻንጣውን አሰረችለት። ቡሎን መኪና ተራ ድረስ ሸኘው። "ደውል" አለው። "እሺ ጋሼ" አለ። መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር፤ ከዚያ በበዓል፤ ከዚያ አልፎ አልፎ።

ቡሎን ከሽማግሌው ጋር ሆኖ የግራውን ጥግ ቆፍሮ ጭቃውን አወጣ፤ ድንጋይና አሸዋ ሞላበት፤ ማፍሰሻ ቧንቧ ቀበረበት። ዛሬ የፈለገ ዝናብ ቢዘንብ እዚያ ጥግ ጠብታ አይቆምም። ሥራውን ሲጨርስ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በጨዋታ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ስንጠራው "ሥራ አለብኝ" ይላል። አጠገቤ ያለው ቦታ ላይ አሁን ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ደህና ሰው ነው፣ ብዙ ያወራል።

ክለባችን በኋላ ወደ ሊጉ ተመልሷል። ባለፈው ዓመት ነፋሱ ሊጠይቀን መጣ። ወፍሯል፤ ሲራመድ ትንሽ ያነክሳል፤ ትንሽ ሴት ልጁን አስከትሎ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ የጨዋታ ቀን ነው። ልጅቷን የቡሎን ሚስት ጋ ተዋትና እሱና ቡሎን ወደ እኔ ሱቅ መጡ። እኔም ያን ቀን ሱቄን አልዘጋሁም። ነፋሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ ፀጉሩን መቁረጥ ጀመርኩ። ቡሎን ግድግዳው ሥር ተቀምጦ አሮጌ መጽሔት ያገላብጣል። ስለ እህቱ ጤና፣ ስለ ስልክ ዋጋ፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት አወራን። ስለ ኳስ ማንም አላነሳም።

ድንገት ከመንገዱ ማዶ ጩኸቱ ፈነዳ። መስታወቴ ተንቀጠቀጠ።

"ገባ" አለ ነፋሱ።

"ገባ" አለ ቡሎን።

"የማን ይሆን?" አለ ነፋሱ።

በሩ ክፍት ነበር። ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን መጠየቅ ይበቃል። ቡሎን መጽሔቱን ገለጠ። ነፋሱ በመስታወቱ ውስጥ አንዴ አየውና ዓይኑን መለሰ። እኔም መቀሴን አነሳሁና "ጎን ጎኑን ላሳጥረው ወይስ ይበቃል?" አልኩት።